ጋቢ ይዞ ምሳ መውጣት

ግንቦት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ጥላ ጥላውን የማይሄድ ሰው የለም። የባጃጅ ወንበር ያቃጥላል። የሱቅ መዝጊያ ብረት በእጅ አይነካም። እኔ ደግሞ ሰሞኑን እናቴን ምሳ ልጋብዛት ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ ጋቢ አጥፌ እይዛለሁ። ያዩኝ ሰዎች ሆስፒታል ለተኛ ሰው የምወስድ ይመስላቸዋል። ጋቢው ለምግብ ቤቱ ነው።

ነገሩ የጀመረው አምና ልክ በዚህ ወቅት ነው። እህቴ ከሁለት ልጆቿ ጋር ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። እናታችን ሰባዎቹን አጋምሳለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ከቤት የምትወጣው ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ብቻ ሆኗል። እና አንድ ቅዳሜ "ዛሬ ማንም ሽንኩርት አይከትፍም፣ ውጭ ነው የምንበላው" አልን። እማዬ መጀመሪያ "ምን ጎድሎኝ? ቤቴ ምግብ ሞልቶ" ብላ ተግደረደረች። ትንሽ ቆይታ ግን ስስ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ከሁላችንም ቀድማ በሩ ላይ ቆመች።

የሄድንበትን ቤት ስም አልጠራም። ምግባቸው ጥሩ ነው፣ ልጆቹም ሰው አክባሪ ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ የጅቡቲ መስመር ሾፌሩ የሚበላበት ተራ ምግብ ቤት ነው። ድሮ በረንዳ ነበረው። አሁን በረንዳው በመስታወት ታጥሮ በሩ ላይ "ኤሲ አለን" የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ስንገባ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ያቺ የመጀመሪያዋ ደቂቃ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገነት ናት። ላብ ያራሰው ጀርባችን ላይ ቅዝቃዜው ሲያርፍ ልጆቹ "እፎይ!" ብለው ጮኹ። እህቴ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ኤሲው አቀናች። እማዬም "እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ!" አለች። አስተናጋጁ ደስታችንን አይቶ እሱም ፈገግ አለ።

ምግቡ እስኪመጣ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሁሉም ነገር የተለወጠው በነዚያ ሃያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ትንሹ ልጅ እጆቹን ቲሸርቱ ውስጥ ከተተ። እህቴ ወንበሯን ወደ ግድግዳው ሳበች። እማዬ ነጠላዋን ከትከሻዋ ወደ አንገቷ፣ ከአንገቷ ወደ ራሷ አዘዋወረችው። ምንም አልተናገረችም። እማዬ ሲበርዳት አትናገርም፤ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ነው የምትደብቀው። ያን ቀንም ደበቀቻቸው።

ሸክላ ጥብሱ እየተንጫጫ መጣ። አስተናጋጁ ትሪው መሃል እንጀራው ላይ ገለበጠልን። እንፋሎቱ ለትንሽ ጊዜ ፊታችንን አሞቀው። ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ከጥብሱ ወርዶ እንጀራው ላይ የተንጣለለው ቅባት ዳር ዳሩ መንጣት ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ቀጭን ክር ነበር። ቀስ በቀስ ወደ መሃል ገፋ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሥጋው ላይ ነጭ ሽፋን ሠራ። የበግ ሞራ የሚቀልጠው ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ነው። ቀዝቃዛ አየር በቀጥታ ሲነፍስበት ገና ሳይበላ ይረጋል። ጣት ላይ ይለጠፋል፣ ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ይቀራል። እንጀራውም አላመለጠም። ጠርዙ ደርቆ ወደ ላይ ተጠቀለለ፤ ሲቆርሱት እንደ ወረቀት ይሰነጠቃል። ጥቅሉ እንጀራ፣ ያ ከመሶብ ሲወጣ ልስልስ የነበረው፣ ከላይ ያለው እጥፋት ቀድሞ ደረቀ።

በመጨረሻ እማዬ አስተናጋጁን ጠራችው። "የኔ ልጅ፣ እባክህ ይቺን ነገር ቀንስልን።"

"እሺ እማማ! ችግር የለም አቦ" ብሎ ሮጦ ሪሞቱን ከካውንተሩ አመጣ። ወደ ኤሲው አነጣጥሮ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አደረገ። 18 የነበረው ቁጥር 16 ሆነ።

ቀንስ ተባለ፣ ቀነሰ። ልጁ ምንም አላጠፋም። እኛ ቀንስ ያልነው ብርዱን ነው፤ እሱ የቀነሰው ቁጥሩን ነው። እማዬ ግን ድጋሚ አልጠራችውም። እንደዚያ በደስታ ሮጦ የታዘዛትን ልጅ "ኧረ አባስከው" ለማለት ይሉኝታዋ አልፈቀደላትም። ሦስት ጉርሻ ያህል ቀማመሰችና "ጠገብኩ፣ ተመስገን" አለች። ቡናው እዚያው እንዲፈላልን አዘን ነበር። ሰረዝነው። ሁለት ሰዓት ተቀምጠን ልናወራ ያሰብንበት ምሳ ግማሽ ሰዓት አልፎ ብዙም ሳይቆይ አለቀ። ማታ እማዬ ትከሻዋን ያዛት። ጎረቤታችን ዳማ ከሴ ይዛ መጣች። ምች ነው፣ ብርድ ነው በሚለው አልከራከርም። እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ለወራት "እማዬ፣ ምሳ እንውጣ" ስንላት "እናንተ ሂዱ፣ እኔ ብርዱን አልችለውም" የሚል መልስ ይሰጠን ነበር። ድሬዳዋ ተወልዳ፣ ድሬዳዋ አርጅታ፣ ከገዛ ከተማዋ ምግብ ቤት በብርድ ምክንያት ቀረች።

ይህን ጉዳይ ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ። አንዳንዱ "ከሙቀቱ አይሻልም?" ይለኛል። ሙቀቱንማ አውቀዋለሁ። ኤሲ ይጥፋ አላልኩም፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ በሚደርስበት ከተማ እንዲያ የሚል ሰው ካለ በቀትር ከታይዋን ገበያ እስከ ከዚራ ሰፈር በእግሩ ሄዶ አያውቅም። የኔ ጥያቄ ኤሲው ለማን ነው የተስተካከለው የሚል ነው።

ብዙ ካሰብኩበት በኋላ የደረስኩበት ይህ ነው። የምግብ ቤቶቻችን ኤሲ የተስተካከለው በሩ ላይ ላለ ሰው ነው። ከፀሐይ የገባ፣ ልቡ የሚመታ፣ ልብሱ በላብ የራሰ ሰው 18 ዲግሪ ሲያገኝ ይደሰታል። ያ ሰው ግን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሌላ ሰው ነው። ተቀምጧል፣ ላቡ ደርቋል፣ ልቡ ረግቷል። ዝም ብሎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው ከሰውነቱ የሚያወጣው ሙቀት 100 ዋት ገደማ ነው፣ የድሮውን መቶ ሻማ አምፖል ያህል። ሲራመድ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የገባውና የተቀመጠው ሰው አንድ ዓይነት ክፍል አይስማማቸውም። የራሰው ልብስ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ላቡ ሲተን ከገላ ላይ ሙቀት ይዞ ነው የሚሄደው። ውጭ የሚያድነን ይኸው ነው። ውስጥ፣ የኤሲው ትንፋሽ ሥር፣ ያው ላብ ያንቀጠቅጣል።

ሪሞቱን የሚይዘውስ ማን ነው? አስተናጋጁ። እሱ አይቀመጥም። ከወጥ ቤት ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ወጥ ቤት ሲመላለስ ነው የሚውለው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ምድጃ ይነዳል። ከዚያ ወጥቶ ወደ አዳራሹ ሲገባ በሩ ላይ እንዳለው ሰው ነው፣ በቀን መቶ ጊዜ። 18 ዲግሪ ለእሱ ልክ ነው። እንዲበርደው አልፈልግም፤ ነገር ግን የሱ ገላ የእማዬን ገላ ሊለካ አይችልም።

ይህ የመለኪያ ጉዳይ በሌላ አገርም ሰው አነጋግሯል። በ2015 እ.ኤ.አ. ቦሪስ ኪንግማ የተባለ የኔዘርላንድስ ተመራማሪ ከሥራ ባልደረባው ጋር አንድ ጥናት አሳትሞ ነበር። የቢሮዎች የሙቀት መመሪያ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሰላ የኖረው 40 ዓመት በሆነው፣ 70 ኪሎ በሚመዝን ወንድ ነው። በዚያ ስሌት የሴት ሰውነት የሚያመነጨው ሙቀት እስከ 35 በመቶ ድረስ ተጋንኖ ሊገመት ይችላል አሉ። ሴቶች ቢሮ ውስጥ ሹራብ ደርበው የሚውሉት ለምን እንደሆነ ያኔ ብዙ ሰው ገባው። ያረጀ ሰው ደግሞ የሚያመነጨው ሙቀት ያንሳል፤ ሲበርደው ቆዳው አካባቢ ያሉት የደም ሥሮች ሙቀቱን ለመያዝ እንደ ወጣት ቶሎ አይኮማተሩም። እማዬ ሴትም ናት፣ አሮጊትም ናት። የለበሰችው ደግሞ ለ35 ዲግሪ የተሰፋ ስስ ቀሚስ ነው። ቢሮ ቢሆን ወንበሯ ላይ ሹራብ ታስቀምጥ ነበር። ምሳ ሊበላ የወጣ ሰው ግን ሹራብ ከየት ያመጣል? ድሬ ውስጥ ሴቱ ስሱን ሽቲና ድርያ፣ ወንዱ ሽርጥ ለብሶ በሚውልበት ወቅት?

ሰፈራችን ውስጥ ኤሲ የሚጠግን ልጅ አለ። የቤታችንን ፍሪጅም የሠራልን እሱ ነው። አንድ ቀን ቡና ላይ ይህንኑ አነሳሁበት። "16 ላይ ያደረጉት ቶሎ ይቀዘቅዛል ብለው ነው" አለኝ። "ብዙው አሮጌ ኤሲ ግን ኮምፕረሰሩ ወይ ይሠራል ወይ ይቆማል፣ መሃል የለውም። 25 ላይ ብታደርጊውም 16 ላይ ብታደርጊውም ክፍሉ 25 እስኪደርስ የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ነው። ልዩነቱ፣ 16 ያልሽው እንደሆነ 25 ላይ አይቆምም። ዝም ብሎ ይሄዳል።" አዲሶቹ ኢንቨርተር የሚባሉት ፍጥነታቸውን ይለዋውጣሉ፤ እነሱም ቢሆኑ የታዘዙት ቁጥር ላይ ለመድረስ ነው የሚሄዱት። ማለት፣ ስንገባ የተሰማን ያ ገነት 25 ላይም ቢሆን ይጠብቀን ነበር። ከ35 ወደ 25 መግባት አሥር ዲግሪ ነው። አሥር ዲግሪ ትንሽ ነው እንዴ? እዚህ የተወለደ ሰው ሐረር ሲወጣ የሚያገኘው ለውጥ እንኳ የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ። የደንገጎን ጠመዝማዛ ጨርሰን መስኮት ስንከፍት "ኧህህ" የምንለው ለአራትና ለአምስት ዲግሪ ነው።

ስለ እንጀራውም ጠየቅኩት። ምንም ሳይናገር ውጭ ግድግዳው ላይ ያለውን የኤሲ ሳጥን አሳየኝ። ከሥሩ ቀጭን ቱቦ ወጥቷል፣ ከቱቦው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሥሩ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። "ይኼ ከክፍሉ አየር ላይ የወጣ እርጥበት ነው" አለኝ። ኤሲ አየሩን በቀዝቃዛ ቱቦዎች መሃል ሲያሳልፈው፣ የቀዘቀዘ ጠርሙስ ላይ እንደምናየው፣ እርጥበቱ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ክፍሉ ውስጥ የሚቀረው አየር ደረቅ ነው። ደረቅ አየር በቀጥታ ሲነፍስበት እንጀራው ያለውን ውሃ ይሰጣል። እኔ ያን ጀሪካን ሳይ የታየኝ የእማዬ ትሪ ነው።

ኤሲ ሲፈጠርም ሥራው እርጥበት ማውጣት ነበር። በሐምሌ ወር 1902 እ.ኤ.አ. ዊሊስ ካሪየር የሚባል የ25 ዓመት መሐንዲስ ብሩክሊን ውስጥ ላለ ማተሚያ ቤት የመጀመሪያውን ዘመናዊ ኤሲ ነደፈ። ችግሩ ወረቀቱ ነበር። አየሩ ሲረጥብ ወረቀቱ ያብጣል፣ ቀለሙ መሥመሩን ይስታል። ማሽኑ የተሠራው ለወረቀት ነው፣ ሰው በኋላ ነው የመጣው። በዚያው በ1902 ማብቂያ ላይ ደግሞ ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር እኛ ጋ ደረሰ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው ለሐዲድ ከባድ፣ ወጪው ብዙ ስለሆነ ታች ቆላው ላይ ቀረ። ከተማዋ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። ድሬዳዋ ሆና ሞቃት አገር ላይ የተቆረቆረችው ባቡሩ ሽቅብ አልወጣ ስላለ ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ሽማንደፈር፣ ማለት ባቡር ድርጅቱ ውስጥ፣ ነበር የሚሠራው። ይህን የባቡርና የኤሲ ዕድሜ ብነግረው ደስ ይለው ነበር።

እና ያለ ኤሲ እንዴት ኖርን? ይህን ስጠይቅ የድሮ ጊዜ ናፍቆት ይዞኝ አይደለም። የዚያን ጊዜ ሙቀት ሕፃን ያስለቅስ ነበር፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ከተማዋ ሙቀትን የምትይዝበት መላ ነበራት። ከዚራ ሂዱና እዩት። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ዛፎቹ ከላይ ተያይዘው ጥላ ሠርተዋል። የድሬዳዋ ዛፍ እያልን የምንጠራው ባለ ቀይ አበባ ዛፍም አለ፤ ሌላ ከተማ ሲያዩት እንኳ በኛ ስም ይጠሩታል። የድሮ ቤቶቹ ጣሪያቸው ረጅም፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ በረንዳቸው ሰፊ ነው። ጣሪያ ላይ ቬንትሌተር ቀስ ብሎ ይሽከረከራል። ቀትር ላይ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል። አመሻሹ ላይ ደጃፍ ላይ ውሃ ይረጫል፤ ውሃው ሲተን መሬቱ ይበርዳል። ማታ መጋላም ሆነ ገንደ ቆሬ ሰው ወንበሩን ደጅ ያወጣል፤ ሻይ፣ ሳምቡሳ፣ ዶሚኖ፣ ወሬ። በጣም ሲብስ አልጋው ግቢ ይወጣና አጎበር ይዘረጋለታል። እኔና እህቴ ኮከብ እየቆጠርን ያደግነው በዚያ ምክንያት ነው።

ይህ የኖርንበት መላ በጥናትም የተደገፈ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ደ ዲርና ጌል ብሬገር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከተለያዩ አገሮች፣ ከ160 ሕንፃዎች፣ 21,000 የሚጠጋ መረጃ አሰባስበው ነበር። መስኮት በሚከፈትበት ሕንፃ ውስጥ የሚውል ሰው በሞቃት አገር ከፍ ያለ ሙቀትም እንደሚስማማው አገኙ። ሰው ከአገሩ አየር ጋር ይላመዳል። ከነሱ ሥራ በተወሰደው ቀመር ብናሰላው የውጩ አማካይ ሙቀት 29 ዲግሪ በሆነበት ሰሞን መስኮቱ ክፍት በሆነ ቤት ምቹ የሚባለው 27 ይጠጋል። የኛ ገላ 18 ጠይቆ አያውቅም።

ሳቢያን አካባቢ ምግብ ቤት ያለው የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ይህንኑ አንስቼ ሞገትኩት። መልሱ አሳዘነኝም፣ አስተማረኝም።

"ስሚኝ" አለኝ፣ "ሞቀኝ የሚል ደንበኛ ይጮሃል። በር ላይ ቆሞ 'ኤሲው አይሠራም እንዴ?' ይለኛል፣ ሌላው ይሰማል። በረደኝ የሚል ግን አይናገርም። ከፍሎ ይወጣል። እኔ የቱን ልስማ?"

ትክክል ነው። ይሉኝታችን እዚህ ላይ ጎዳን። ምግቡ ጨው ከበዛበት እንናገር ይሆናል። ብርድን ግን የራሳችን ድክመት እናደርገዋለን፤ "እኔ ነኝ ብርድ የማልችለው" ብለን እንወጣለን። ባለቤቱም እያከበረን ይመስለዋል። ብርዱ ለሱ እንደ ንጹሕ ጠረጴዛ ልብስ ነው። ለእንግዳ ያለውን ሁሉ መስጠቱ ነው። መብራቱን ሲከፍልበት ደግሞ ያመዋል። የህንድ የኃይል ቁጠባ መሥሪያ ቤት እንደሚለው ኤሲ ላይ አንድ ዲግሪ ከፍ ሲደረግ 6 በመቶ ያህል መብራት ይቆጠባል። ህንድ ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ የቤት ኤሲ ሲበራ ራሱ 24 ላይ እንዲጀምር አዛለች። ጃፓን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበጋ ቢሮዎቿን 28 ላይ አድርጋ ሠራተኛው ከረባቱን እንዲፈታ ትመክራለች። ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ "እኛ ከህንድ እንበልጣለን እንዴ?" አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሐሳብ የገባው ሰው ሳቅ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ይከነክነኛል። ያ ክፍል ውስጥ ያጣነው ሙቀት የት ሄደ? አልጠፋም። የውጩ ሳጥን ከነትርፉ ወደ መንገድ ይተፋዋል። አምና ከዚያ ቤት ስንወጣ ከሳጥኑ ፊት ለፊት አንዲት የጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ተቀምጣ ነበር። የሳጥኑ ትንፋሽ የነጠላዋን ጠርዝ ያርገበግበዋል። ከፊቷ የከሰል ምድጃ፣ ከጎኗ የኤሲው እሳት። "እንዴት ትችዪዋለሽ?" አልኳት። "ከከሰሉ ይኼ ይብሳል" አለችኝ፣ ሳጥኑን በአገጯ እያሳየች። ወንበሯን ሁለት ጊዜ አዛውራለች፤ ከዚያ በላይ ብትርቅ ጥላው ያልቅባታል። እኛ ውስጥ ያንቀጠቀጠን ብርድና እሷን ውጭ ያቃጠላት ሙቀት የአንድ ማሽን ሁለት ጫፍ ነው። ለእማዬ ከሚያስፈልጋት በላይ የሆነችው እያንዳንዷ ዲግሪ የዚህችን ሴት ፊት ገርፋለች። ለማንም አልጠቀመችም። እማዬ እጇን ብብቷ ውስጥ ደብቃ፣ እሷ ግንባሯን በነጠላዋ እየጠረገች፣ መሃላቸው አንድ መስታወት።

ጓደኛዬ ከዚያ ውይይት በኋላ ሞከረው። መጀመሪያ 26 አደረገው፣ ሾፌሮቹ አጉረመረሙ። አሁን 24 ላይ ነው፤ ከማከማቻው ያወጣቸውን ሁለት የጣሪያ ቬንትሌተሮች መልሶ ሰቅሏል። የሚንቀሳቀስ አየር ሁለት ሦስት ዲግሪ የቀዘቀዘ ያህል እንዲሰማ ያደርጋል። የኤሲውን ክንፎችም ወደ ጣሪያው አዙሯል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ራሱ ይወርዳል፣ ሰው ማጅራት ላይ መተኮስ አያስፈልገውም። ጥግ ያለውን ጠረጴዛ ለትልልቅ ሰዎች ለይቷል። እኔ ብሆን 26 አደርገው ነበር። ቤቱ ግን የሱ ነው፣ ሾፌሮቹም የሱ ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬን ለምኜ አወጣኋት። የአምናው ቤት ነው የሄድነው፤ ጥብሳቸውን ትወደዋለች። ጋቢውን ቦርሳዬ ውስጥ አሳየኋትና ነው እሺ ያለችኝ። የአምናው አስተናጋጅም እዚያው ነው፤ ፂም አውጥቷል። ገና ሳንቀመጥ ጠራሁትና በቁጥር ነገርኩት። "ወንድሜ፣ ሃያ ስድስት አድርግልን። ክንፉንም ወደ ላይ።" አልተከራከረም። ጠቅ ጠቅ እያደረገ ሲቆጥር ሰማሁት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ። አጠገባችን የነበሩት ሁለት ሴቶች ቀና ብለው አዩን። አንደኛዋ ሻሿን ከትከሻዋ አወረደች።

ሸክላው መጣ። ቅባቱን አየሁት፤ ፈሳሽ ነው፣ ያብለጨልጫል። እማዬ እጀታዋን ሰብሰብ አድርጋ በደንብ በላች። አጉርሳኝም ነበር። ቡናውን ሦስተኛው ድረስ ጠጣን። ጋቢውን አጣጥፌ ለወገቧ ከጀርባዋ አደረግኩላት፤ ደገፍ አለችና አባቴ በባቡር ድሬዳዋ–ጅቡቲ ሲመላለስ ከዚያ ያመጣላትን የመጀመሪያ ጫማ ነገር አነሳችልኝ። ሰምቼው አላውቅም ነበር። ወሬው ረጅም ነው። ስንወጣ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር።